ብልቴ ጎበጠ፣ ጣቴም አልዘረጋ አለኝ

ጥያቄ፦ «የ54 ዓመት ሰው ነኝ። ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ከሰባት ወር ወዲህ ብልቴ ሲቆም ወደ ላይ ይጎብጣል። ከላይ በኩል፣ መሀሉ ላይ ስዳስሰው የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ፤ ሲቆምም ያመኛል። አሁን አሁን ደግሞ እንደ ድሮው አይጠነክርም። ባለቤቴ ‹ከሌላ ሴት ያመጣኸው ነው› ብላ ስለተቀየመችኝ የማድረው ሳሎን ነው። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ክትትሌ ግን አልፎ አልፎ ነው። አንድ ወዳጄ ‹እንዲህ ያደረገህ የደም ግፊት ክኒኑ ነው› ስላለኝ ካቆምኩት ሁለት ወር ሆነኝ። የቀኝ እጄ የቀለበት ጣትም አልዘረጋ ካለ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሱ እንኳ ብረትና ሲሚንቶ ከማንሳት የመጣ ነው። ይሄ ካንሰር ይሆን? ወጌሻ ቢያሸኝ ይቃናል? ስሜን አታውጡት።»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ልብዎን የሚያሳርፈውን እንንገርዎ። የጻፉት ምልክት ሁሉ የፔይሮኒ በሽታ ወደሚባለው ያመለክታል። ይህ በሽታ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። በግንኙነት የሚተላለፍ አይደለም፤ እርስዎ ከማንም አልያዝዎትም፣ ባለቤትዎም ከእርስዎ አይይዛትም። ይህን ሐኪም በእጁ ዳስሶ ማረጋገጥ አለበት። ቆዳው ላይ የማይድን ቁስል፣ ደም ወይም ፈሳሽ፣ ወይም በጫፉና በሸለፈቱ ላይ እብጠት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ወጌሻ ዘንድ አይሂዱ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እንነግርዎታለን።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን አንድ ነገር አለ። የደም ግፊት ክኒኑን ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗል፤ ከደብዳቤዎ በጣም ያሳሰበን ይህ ነው። ነገ ጠዋት ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ አምስት ደቂቃ አረፍ ብለው ግፊትዎን ይለኩ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ያናግሩ። 180/120 ከደረሰ፣ በተለይም ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ካለ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወዳጅዎ ያሉት ከምንም ተነሥተው አይደለም። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የሚገኙበት የግፊት መድኃኒቶች ወገን ከዚህ በሽታ ጋር ስሙ ሲነሣ ቆይቷል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በሽታውን እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። የብልትን ጥንካሬ የሚቀንሱ የግፊት ክኒኖች ግን በእርግጥ አሉ፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ከነሱ ይቆጠራል። ለዚህ መፍትሔው ማቆም አይደለም፣ ማስለወጥ ነው። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው ሄደው «ይሄ ጥንካሬዬን ይነካብኛል ወይ? በሌላ ይለወጥልኝ» ይበሉ። ሐኪም በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ ነው፤ የሚያሳፍር የለበትም።

አሁን ወደ በሽታው እንግባ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1743 ስለ እሱ ከጻፈው የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ቀዶ ሐኪም ነው። የወንድ ብልት ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ፣ ደም የሚሞላቸው ሁለት ስፖንጅ መሰል አካላት አሉ። እነሱን የሚጠቀልል ጠንካራ ነጭ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ብልቱ ሲተኛ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ሲቆም ተወጥሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። እዚህ ሽፋን ላይ ትንሽ ጉዳት ሲደርስ፣ ለምሳሌ በግንኙነት ጊዜ ሲታጠፍ፣ ውስጡ ትንሽ ደም ይፈስና ይቆጣል። አብዛኛው ሰው ላይ ቁስሉ ይድንና ነገሩ እዚያ ያበቃል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን የመጠገን ሥራው ማቆሚያ ያጣል፤ ጠባሳው እየተከመረ ይጠጥራል፣ አንዳንዴ እንደ አጥንት እስኪደርቅ ድረስ። የዳሰሱት «ባቄላ» ይህ ጠባሳ ነው።

ለምን እንደሚጎብጥ ጎሚስታ ቤት ሄደው የተለጠፈ ከመነዳሪ ሲነፋ ቢያዩ ይገባዎታል። ላስቲኩ በሁሉም በኩል ይለጠጣል፣ ማጣበቂያ የተለጠፈበት ቦታ ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ከመነዳሪው ወደ ተለጠፈበት ጎን ይታጠፋል። የእርስዎ ጠባሳ ላይኛው በኩል ስለሆነ ብልትዎ ወደ ላይ ጎበጠ። ወጌሻው ጋር አይሂዱ ያልንዎትም ለዚህ ነው። የተሰበረ አጥንት ቦታው ይመለሳል፤ እዚህ ግን ቦታውን የሳተ ነገር የለም። አሽቶ ለማቃናት መሞከር ሽፋኑን እንደገና ይሰነጥቀዋል፣ እንደገና ይደማል፣ ጠባሳው ይጨምራል። በቅቤ ማሸት፣ በጨርቅ መጠቅለል፣ ክብደት ማንጠልጠል ሁሉም መጨረሻቸው እዚያው ነው። ጸበል ከሄዱ ወይም ካስጸለዩ ይጸልዩ፣ መድኃኒቱንም እየወሰዱ።

በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ከ100 ወንዶች ከ3 እስከ 9 የሚሆኑት ላይ ይህ በሽታ እንደሚገኝ ያሳያሉ፤ የሚበዛውም ከ40 እስከ 70 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም፤ ከእርስዎ ጋር ቡና ከሚጠጡት መካከልም ሳይኖር አይቀርም፣ አልተናገረም እንጂ።

ደብዳቤዎን ስናነብ ያየነው ሌላም አለ። እርስዎ የጠየቁን ስለ አንድ አካል ነው፤ ስኳሩን፣ ጣቱን፣ ጥንካሬውንና ሳሎን ማደሩን እግረ መንገድዎን ጠቀሱ። ለእኛ ግን እነዚህ ሁሉ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው፤ ጉብጠቱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ ትልቁን ነገር ያመልጠዋል።

ከስኳር እንጀምር። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ሽፋኑ ከተሠራበት ክር ጋር እየተጣበቀ ያደርቀዋል፤ የደረቀ ክር ደግሞ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ትንንሾቹን የደም ሥሮችና ነርቮችም ይጎዳል። ቁስል በወጉ አይድንም፣ ጥንካሬም ይቀንሳል። ከዚያ የሚመጣውን ልብ ይበሉ፦ ያልጠነከረ ብልት በግንኙነት ጊዜ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ሽፋኑ ይጎዳል፣ ጠባሳው ይበዛል፣ ጠባሳው ሲበዛ ጥንካሬው ይብስ ይቀንሳል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ጉብጠቱ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ የሚለካው ስኳር የዚያን ቀን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከቀጠሮ በፊት ሦስት ቀን ተጠንቅቆ ማሳመር ይቻላል። ስለዚህ የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን ምርመራ ይጠይቁ። ለብዙ ታካሚ የሚፈለገው ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ለእርስዎ የሚሆነውን ልክ ሐኪምዎ ይወስናል።

ሁለተኛው የደም ሥር ነው። ፔይሮኒ ካለባቸው ወንዶች ከሦስቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ስንፈተ ወሲብም አለባቸው፤ ከፍተኛ ግፊት፣ የደም ስብና ሲጋራም አብረው ይገኛሉ። የብልት ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ይቀጥናል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚጠበው እሱ ነው። በመሀል ዕድሜ የሚጀምር የጥንካሬ መቀነስ የልብ ሕመምን ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊቀድም ይችላል። እርስዎ 54 ዓመትዎ ነው፣ ስኳር አለ፣ ግፊት አለ። ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲሚንቶ ሲያነሡ ደረትዎን የሚጨንቅዎ፣ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ይሁን። ሲጋራም ሆነ ሺሻ ካለ ይቁም። ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራልና በዚህ ሰዓት አይሆንዎትም።

ይህን ካልን ዘንድ ስለ ሲልደናፊል፣ ሰዉ «ቫያግራ» ስለሚለው፣ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በሐኪም ትእዛዝ ከተወሰደ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ጥንካሬውን ስለሚመልስ መታጠፉንም ሊቀንስ ይችላል። ጉብጠቱን ግን አያቃናም። ለልብ ሕመም ከሚሰጡት ከናይትሮግሊሰሪን ወይም ከአይሶሶርባይድ ጋር ከተወሰደ ግፊትን በአንዴ ጥሎ ሊገድል ይችላል። ከወዳጅ ኪስ ወጥቶ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ያ «ከሲሚንቶ የመጣው» ጣት ነው። የቀኝ መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ወደ ታች አድርገው ያንጥፉት። መዳፍዎና ጣቶችዎ ሁሉ ጠረጴዛውን መንካት አለባቸው። የቀለበት ጣቱ ሥር ተነሥቶ ከታቹ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ከቀረ፣ መዳፉን ገልብጠው በሌላኛው አውራ ጣትዎ ከጣቱ ሥር ጀምረው ወደ አንጓው ይዳስሱ። ከቆዳው ሥር ጉብታ፣ ቀጥሎም እንደ ተወጠረ ሲባጎ ያለ ገመድ ካገኙ ዱፑይትረን የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህም የጠባሳ በሽታ ነው፤ ቦታው መዳፍ ሆነ እንጂ ሥራው ከብልቱ ጠባሳ ጋር አንድ ነው፣ በዘርም ይወረሳል። ፔይሮኒ ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይሄም እንዳለባቸው ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። አባትዎ ወይም አጎትዎ የተጣጠፈ ጣት ነበራቸው? ያስታውሱና ለሐኪሙ ይንገሩ። ጫማዎን አውልቀውም የውስጥ እግርዎን ቅስት ይዳስሱ፤ ጠጣር ጉብታ ካለ ሌደርሆዝ የሚባለው፣ የዚሁ ቤተሰብ ሦስተኛው ነው።

ስኳር ግን እጅን በሌላ መንገድም ያደርቃል። ሁለቱን መዳፎችዎን እንደ ጸሎት ያጋጥሙ። ብዙዎቹ ጣቶች በሁለቱም እጅ ሳይገናኙ መሀላቸው ክፍተት ከቀረ፣ መገጣጠሚያዎችን የሚያደርቀው የስኳር ጣጣ ነው። ጣቱ ታጥፎ ቆይቶ «ቋ» ብሎ የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ የጅማት መቆንጠጥ ነው። ሦስቱም ሕክምናቸው የተለያየ ስለሆነ ጣቱን ለብቻው ማሳየት ተገቢ ነው። እጅዎን ኪስ ውስጥ አይጨምሩ፤ ለሐኪሙ መልሱን ሊያቀርብለት ይችላል።

የወንድነት ሆርሞን ማነስ ከፔይሮኒ ጋር ስላለው ግንኙነት ሐኪሞች እስካሁን አልተስማሙም። የጥንካሬ መቀነስ ስላለ ግን ቴስቶስትሮን መለካቱ ጠቃሚ ነው። የሚለካው ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳይበሉ ነው፤ ዝቅ ካለም ሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ከሰዓት በኋላ በተቀዳ ደም ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ በእሱ ብቻ የሆርሞን መርፌ አይጀምሩ። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ወይም በሽንት ቧንቧ በኩል የተደረገ ሥራ ካለም ይንገሩ።

አራተኛው ደግሞ ሳሎን ማደሩ ነው። የፔይሮኒ ሕሙማን ተጠይቀው ግማሽ የሚጠጉት የድብርት ምልክት እንዳለባቸው ተገኝቷል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ሱቅ መክፈቱ ካታከተዎት፣ ይህም እንደ ስኳሩ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት በዚያው ሰዓት ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና ሆስፒታል ይሂዱ።

አሁን ወደ ሕክምናው። በሽታው ሁለት ወቅት አለው። የመጀመሪያው ሕመም ያለበትና ጉብጠቱ የሚለዋወጥበት ሲሆን ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ይቆያል፤ እርስዎ ያሉት እዚህ ነው። ሁለተኛው ሕመሙ ጠፍቶ ጉብጠቱ ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። ሕመሙ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ይጠፋል። ጉብጠቱ ግን ካልታከመ ከ10 ሰዎች 1 ገደማ ላይ ይሻሻላል፣ 4 ላይ ባለበት ይቆማል፣ የቀሩት ላይ ይብሳል። ስለዚህ «ራሱ ይተወኛል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ለሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ናቸው። እርስዎ ግን ስኳርና ግፊት ስላለብዎት እነዚህ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ግፊትን ይጨምራሉ፤ ሐኪም ሳያዝ አይውሰዱ። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ጉበትዎ ደህና ከሆነ መውሰድ ይችላሉ። ቫይታሚን ኢ ለዚህ በሽታ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ጉብጠትን እንደማይቀንስ ስለታወቀ ገንዘብዎን አያውጡበት። ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች የሚያወሩለት ኮላጅኔዝ የሚባል ወደ ጠባሳው የሚወጋ መርፌ አለ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈቀደችው ከ30 ዲግሪ ላላነሰ ጉብጠት ነው። ለጥቂት ዲግሪ ብለው ሱቅ የሚሸጡለት ነገር ግን አይደለም። በሐኪም ክትትል በየቀኑ ለሰዓታት፣ ለወራት የሚለበስ መጎተቻ መሣሪያም አለ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው በሽታው ከጀመረ አንድ ዓመት ሲሞላውና ጉብጠቱ ሲረጋ ነው። ቀድሞ ከተሠራ ጠባሳው እየሠራ ስለሆነ እንደገና ይጎብጣል። ቀለል ያለው ዘዴ ከጉብጠቱ ትይዩ ያለውን ረጅሙን ጎን ማጠፍና መስፋት ነው፤ ርዝመት ይቀንሳል፣ ያንን አስቀድመው ይወቁ። ከ60 ዲግሪ በላይ ለሆነው ጠባሳውን ከፍቶ ሌላ ሥጋ መጣፍ አለ፤ ይህኛው ጥንካሬን የመንካት አደጋው ይበልጣል። ስኳር ካልተስተካከለ ቁስሉ ሊመረቅዝ ስለሚችል ሐኪሙ ቀጠሮውን ያርቀዋል፤ አይቀየሙት።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ሥራ አለብዎት። ብልቱ በቆመበት አንድ ፎቶ ከላይ፣ አንድ ከጎን ያንሡ፤ በየወሩ በተመሳሳይ አቋም ይድገሙት። ፎቶውን ልጆች በማይከፍቱት የተቆለፈ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ሐኪሙ ያለ ፎቶ ጉብጠቱን ለማየት በመርፌ ማስቆም ሊያስፈልገው ይችላል። ዲግሪውን ለመገመት የግድግዳ ሰዓት ይመልከቱ፦ በ12 እና በ1 መካከል ያለው ክፍተት 30 ዲግሪ ነው፣ በ12 እና በ2 መካከል 60። ሐኪሙ በመርፌ ካስቆመው ደግሞ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይተኛ ከቀረ ድንገተኛ ክፍል ይመለሱ፤ ሌሊትም ቢሆን።

የት ልሂድ ላሉት፣ የስኳር ክትትል ካርድ ያለዎት ቦታ ይጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለዎት ያለ ሪፈር ወረቀት ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስዎ ላይ ያመጣል። ሪፈሩ ወደ ዩሮሎጂስት፣ ማለትም ወደ ሽንት ቧንቧና ብልት ሐኪም፣ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተላኩ ይህ ሐኪም ያለበትን ቀን ይጠይቁ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሰዉ እየሰማ ዝርዝሩን መናገር የለብዎትም፤ «የሽንት ቧንቧ ክትትል» ማለት ይበቃል። ይዘው የሚሄዱት የክኒን ማሸጊያዎችን በሙሉ፣ የመጨረሻውን የስኳር ውጤት፣ መቼ እንደጀመረዎት የጻፉበትን ወረቀትና ፎቶውን ነው።

እስከዚያ ድረስ ግንኙነት አይከለከልም፤ ሕመም ካለ ግን ይቁም። ብልቱ በደንብ ሳይጠነክር አይሞክሩ፣ በቂ እርጥበት ይኑር፣ ባለቤትዎ ከላይ የምትሆንበትን አቀማመጥ ለጊዜው ይተዉት፤ ተንሸራቶ አጥንቷን ሲመታ የሚታጠፈው ያኔ ነውና። በድንገት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ወዲያው ተኝቶ ካበጠና ከጠቆረ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ያንኑ ሌሊት ሆስፒታል ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ባለቤትዎን በተመለከተ ምክራችን ይህ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ «ጠባሳ ነው፣ ከስኳሬ ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ» ይበሏት። ጥርጣሬው ካልወጣላት ሁለታችሁም የአባላዘር በሽታ ምርመራ አድርጉ፤ ውጤቱን አብራችሁ ስሙ። ቀጠሮው ቀንም ውጭ ወንበር ላይ አትጠብቅ፣ አብራ ትግባ፤ «ከሌላ ሴት ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄዋን ራሷ ለሐኪሙ ትጠይቀው፣ መልሱንም ከአፉ ትስማው።